አሠልጣኝ ሲሻር፣ አሠልጣኝ ሲሾም

ሹም ሽር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ቃል አይደለም። መሾምና መሻር በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ተከትሎ የሚመጣ ጥንድ ሆነው ከቤተ መንግሥት እስከ መንደር እድር አብረውን ኖረዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አሳፋሪ ብሂላችንም የተወለደው ከዚሁ ልማድ ነው። በዘመናችን ግን ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በስፖርት ሜዳ ነው። ሚኒስትር ከሥልጣኑ ሲነሣ ምክንያቱ ለሕዝብ ላይነገር ይችላል፤ የአሠልጣኝ ውድቀት ግን በሺዎች ፊት በውጤት ሰሌዳ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይታያል። ስለዚህም ይመስላል፣ ሌላውን የአገር ጉዳይ ሁሉ «አዋቂዎቹ ያውቁታል» ብሎ የሚያልፈው ሰው እንኳ በዚህ ጉዳይ ራሱን ዳኛ አድርጎ የሚሾመው።

በካምፓላ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ደግሞ ክርክሩ እጥፍ ነው። በካባላጋላና በካንሳንጋ ቡና ቤቶች እኛ ስለ ዋልያዎቹ ስንሟገት፣ በአጠገባችን የተቀመጠው ኡጋንዳዊ በአገሩ አርማ ላይ ባለችው ወፍ ስም ስለሚጠራው ብሔራዊ ቡድኑ፣ ስለ ክሬንስ ይሟገታል። ቡድኖቹ ሁለት፣ ቋንቋዎቹም ሁለት ናቸው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ «አሁን ማን ይሾም?»

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ከእርሱ በፊት ሊነሡ ሲገባቸው የሚዘለሉ ሦስት ጥያቄዎችን ግን ያነሣል። የተሻረው ሰው የተሻረው በጥፋቱ ነውን? የሚሾመውስ በምን ሚዛን ይመዘናል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የሚሾመውና የሚሽረው አካል ራሱ ለማን ይጠየቃል? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

የትርጉም ሥራ ሰውን ከሚያስለምዳቸው ነገሮች አንዱ፣ አንድ ቃል በየቋንቋው ምን ሸክም ይዞ እንደሚዞር መመልከት ነው። እንግሊዞች «ኮች» የሚሉት ቃል መነሻው ኮች በምትባል የሃንጋሪ መንደር ይሠራ የነበረ ሠረገላ ነው። ቃሉ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ደካማውን ተማሪ በፈተና ላይ «ተሸክሞ የሚያሻግር» አስጠኚ መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ስፖርት ተሻገረ። በሉጋንዳ አሠልጣኝ «ኦሙተንደሲ» ይባላል፤ ማለማመድን፣ ማሠልጠንን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ስም ነው። የእኛ ቃል ግን ከሁለቱም ይከብዳል። «አሠልጣኝ» በውስጡ ሥልጠናም፣ ሥልጣንም፣ ሥልጣኔም አለበት፤ ሦስቱም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። እንግሊዙ ሰውዬውን አጓጓዥ ሲያደርገው፣ ጋንዳው አለማማጅ ሲያደርገው፣ እኛ ባለሥልጣን እናደርገዋለን።

ባለሥልጣን ካልነው ዘንድ የፍትሕ መጀመሪያ የሥልጣኑን ወሰን መለየት ነው። ሰው በሥልጣኑ ሥር ባልነበረ ነገር አይጠየቅም። አሠልጣኝ ተጫዋቾችን ይመርጣል፤ ልምምድ ያሠራል፤ ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ ይወስናል። ሜዳ አይሠራም፤ የሊግ መርሐ ግብር አያወጣም፤ የአውሮፕላን ትኬት አይቆርጥም፤ ከአሥር ዓመት በፊት ሕፃናቱ በየሰፈሩ ሊማሩት ይገባ የነበረውን ኳስ አያያዝ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያስተምራቸው አይችልም።

ነገሩን በቅርቡ ታሪክ እንመልከተው። በ2023 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ፣ የናምቦሌው ማንዴላ ብሔራዊ ስታዲየም ለጨዋታ ዝግጁ ባለመሆኑ ክሬንስ ታንዛኒያን ያስተናገዱት በግብጽ ኢስማኢሊያ፣ አልጄሪያን ያስተናገዱት በካሜሩን ዱዋላ ነበር። «አስተናገዱ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ብቻ እንደነበረ ልብ ይሏል። ሁለቱንም ጨዋታዎች ተሸነፉ፤ ሳያልፉም ቀሩ። በዚያው ዓመት መስከረም ሰርቢያዊው አሠልጣኝ ሚሉቲን ስሬዶዬቪች፣ በእኛም በእነርሱም ዘንድ ሚቾ በመባል የሚታወቁት፣ ተሰናበቱ። በኅዳር ቤልጂየማዊው ፖል ፑት ተሾሙ። በ2024 ናምቦሌ ተከፈተ፤ ቡድኑ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት መጫወት ጀመረ፤ ለሞሮኮው የአፍሪካ ዋንጫም አለፈ።

ከዚህ ተነሥቶ «አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል» ማለት ይቻላልን? ምናልባት ይሻሉ ይሆናል። ነገር ግን አንደኛው የተመዘኑት ቤት በሌለው ቡድን፣ ሁለተኛው የተመዘኑት ቤት ባለው ቡድን ነው። ሚዛኑ ሳይስተካከል ክብደቱን ማወጅ የነጋዴ እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም። የእኛም ዋልያዎች ከ2021 ጀምሮ ለዓመታት በሰው አገር ሲያስተናግዱ ኖረዋል። በሰኔ 2022 ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉት በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ሳይሆን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር፤ የደስታው ጩኸት ሊሰማበት የሚገባው ሜዳ በዚያ ቀን ዝግ ነበረ።

በአንድ ቀን ልዩነት

ሁለቱን ሕዝቦች በአንድ ሰሞን ያስለቀሰና ያስፈነደቀ ታሪክ ደግሞ አለ። ጥቅምት 13 ቀን 2012 በናምቦሌ ክሬንስ የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረችውን ዛምቢያን 1 ለ 0 አሸነፉ። በመጀመሪያው ጨዋታ ዛምቢያ በተመሳሳይ ውጤት አሸንፋ ስለነበር ወደ መለያ ምት ተሄደ፤ ዛምቢያ 9 ለ 8 አሸንፋ አለፈች። በማግሥቱ በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 ረታች። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳዋ ውጭ ባስቆጠረቻቸው ሦስት ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የአገር ጀግና ሆኑ። የክሬንሱ ስኮትላንዳዊ አሠልጣኝ ቦቢ ዊሊያምሰን በእርሳቸው ዘመን ቡድኑ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አራት ጊዜ ያነሣ ቢሆንም፣ በሚያዝያ 2013 ተሰናበቱ።

እስኪ በናምቦሌ ከተመቱት ኳሶች አንዷ ጥቂት ጋት ወደ ቀኝ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ብለን እናስብ። በሱዳን ከተቆጠሩት ሦስት ግቦች አንዷ የግብ ቋሚ መልሷት ቢሆንስ? ሁለቱ ሰዎች ያው ሁለቱ ሰዎች፣ ዕውቀታቸውም ያው ዕውቀት በሆነ ነበር፤ የሚሰጣቸው ፍርድ ግን በተገለበጠ ነበር።

ፈላስፎች ይህን ችግር በ1976 በስም ጠርተውታል። እንግሊዛዊው በርናርድ ዊሊያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል በዚያ ዓመት ባቀረቧቸው ሁለት ጽሑፎች «የግብረ ገብ ዕድል» ልንለው የምንችለውን ሐሳብ አነሡ። ጥያቄው በካምፓላ ጎዳና ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ሁለት የቦዳ ቦዳ ነጂዎች በዋንደገያ መስቀለኛ መንገድ ቀዩን መብራት ጥሰው አለፉ እንበል። የአንደኛው መንገድ ባዶ ነበርና እቤቱ ገባ፤ በሁለተኛው ፊት ሕፃን ድንገት ብቅ አለ። የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው። አንደኛው ግን ማታ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ሁለተኛው ዕድሜ ልኩን ነፍሰ ገዳይ ይባላል። አእምሯችን «በራሱ ፈቃድ ባልሆነ ነገር ሰው አይፈረድበትም» ይላል፤ ልባችን ግን በውጤቱ ይፈርዳል።

ስፖርት የልባችን ፍርድ ያለ ይግባኝ የሚጸናበት ቦታ ነው። ከቅርጫት ኳስ የተገኘ ምሳሌ ይህን በደንብ ያሳያል። የአሜሪካው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በ1995–96 የውድድር ዘመን በቦብ ሂል አሠልጣኝነት 59 ጨዋታዎችን አሸነፈ። በሚቀጥለው ዘመን የቡድኑ ምሰሶ የነበረው ዴቪድ ሮቢንሰን ተጎዳ፤ በጠቅላላው 6 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ቡድኑ ከ18 ጨዋታዎች 15ቱን ሲሸነፍ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ግሬግ ፖፖቪች ሂልን አሰናብተው በቦታው ራሳቸውን ሾሙ። ውጤቱ አልተሻሻለም፤ ከቀሩት 64 ጨዋታዎች 17ቱን ብቻ አሸነፉ። ነገር ግን የሽንፈት ብዛት በአሜሪካ ሥርዓት ካሳ አለው፤ ደካማ ቡድን ከአዲስ ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ዕጣው ለስፐርስ ወጣና ቲም ደንከንን አገኙ። በ1999 ሻምፒዮን ሆኑ፤ ከዚያም አራት ጊዜ ደገሙ። ፖፖቪች እስከ 2025 በወንበሩ ቆይተው በሊጉ ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፉ አሠልጣኝ ተባሉ።

እንግዲህ ያ ሹም ሽር ትክክል ነበርን? ውጤቱን የሚያይ «አዎን» ይላል። በዕለቱ የነበረውን ሁኔታ ብቻ የሚያይ ግን፣ ዋና ተጫዋቹ በተጎዳበት ሰዓት ሰውን አባርሮ በወንበሩ ላይ መቀመጥ ቢያንስ ማብራሪያ የሚያሻው ተግባር ነው ይላል። የፖፖቪች ታላቅነት በኋላ በሥራቸው የታየ ነው፤ የኋላ ታላቅነት ግን የትናንቱን ውሳኔ ወደ ኋላ ተመልሶ ፍትሐዊ አያደርገውም።

ቅጣትና ውሳኔ

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ቡድን ፍርድ ቤት አይደለም» ይባላል። «ወንበሩ የአሠልጣኙ ርስት አይደለም፤ ተጫዋቾችም፣ ደጋፊዎችም መብት አላቸው። ጥፋተኛ ባይሆን እንኳ ድምፁ ካልተሰማ፣ ቡድኑ ካልተነቃቃ፣ ሌላ ሰው መሞከር የኃላፊዎች ግዴታ ነው።»

ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እንዲያውም የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውን ከሥራ ማሰናበት ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቅጣት ነው፤ ቅጣት ጥፋትን ይጠይቃል። ሁለተኛው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ የሚጠይቀው ምክንያትን ብቻ ነው። ጥፋት የሌለበትን ሰው ማሰናበት ስለዚህ በራሱ ግፍ አይደለም። ግፍ የሚሆነው ውሳኔውን ወስነን በቅጣት ቋንቋ ስናውጀው ነው። «መንገዳችን ተለያየ፤ እስካሁን ላደረጉት እናመሰግናለን፤ በእኛም በኩል ያልተሟላው ይህ ይህ ነበር» ማለት ሲቻል፣ «በውጤት ማጣት ምክንያት ተባረረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያልተመሠረተ ክስን ከነፍርዱ ይዞ ይወጣል። የተሰናበተው ሰው ገንዘቡን ቢቀበል እንኳ ስሙን ተቀምቶ ይሄዳል።

የኦሪት ሕግ ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቀው ነበር። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 በማስተስረያ ቀን ሁለት ፍየሎች ቀርበው ዕጣ ይጣልባቸዋል፤ አንዱ ይሠዋል፤ ሌላው የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ብዙ ጊዜ የምንረሳው ግን ከመሰደዱ በፊት የሚሆነውን ነው። ሊቀ ካህኑ እጆቹን በፍየሉ ራስ ላይ ጭኖ የሕዝቡን በደል ሁሉ በግልጽ ይናዘዛል። በዚያ ሥርዓት ፍየሉ ጥፋተኛ ነው ብሎ የሚያምን አንድም ሰው የለም፤ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯልና። የዘመናችን ፌዴሬሽኖችና ክለቦች ከዚህ ሥርዓት የወሰዱት ፍየሉንና ምድረ በዳውን ብቻ ነው። ኑዛዜውን ትተውታል። ኑዛዜ የሌለው መሥዋዕት ደግሞ አያነጻም፤ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ፍየል ይፈልጋል።

በ2013 በእኛ ላይ የደረሰውን እናስታውስ። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ፣ በቦትስዋና ሜዳ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ተሰለፈና ያሸነፍነው ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ተወሰደብን። ደግነቱ ቡድኑ ምድቡን በአንደኝነት ከመጨረስ አላገደውም። ካርድ መቁጠር ከሁሉ በፊት የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ወረቀቱ የሚመጣው ለቢሮ እንጂ ለልምምድ ሜዳ አይደለም። ያም ሆኖ በመንገድ ላይ የነበረውን ወሬ ያስታወሰ ሰው፣ የስንቱ ጣት ወደ አሠልጣኙ እንደተቀሰረ አይዘነጋውም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ዳውላው አይራገጥም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይታወቃል። ቡድኑ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ተሸነፈ፤ በጥር 2014 በደቡብ አፍሪካው የቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ተሸነፈ፤ አሠልጣኝ ሰውነትም በየካቲት ተሰናበቱ። ከ2014 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራረቁበት። አምስት ሰዎች ሁሉም ሰነፎች ሊሆኑ አይችሉም። አምስት ጊዜ የተሳሳተ ነገር ቢኖር መምረጡ ነው፤ ወይም ደግሞ የተመረጡት ሰዎች የሚቀመጡበት ወንበር እግሩ የተሰበረ ነበር።

የራስ ሰው ወይስ የውጭ ሰው?

አዲስ አሠልጣኝ ሲፈለግ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ታሪክ ግን ለሁለቱም ወገን ምስክር ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ በፍጻሜው ግብጽን 4 ለ 2 ስትረታ ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በዚያው ውድድር አራተኛ የወጣችው ኡጋንዳ በ1978 ለፍጻሜ ስትደርስ የመሯት ኡጋንዳዊው ፒተር ኦኬ ነበሩ። በሌላ በኩል ኡጋንዳ ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችው በ2016 በሚቾ መሪነት ነው። በቅርጫት ኳስም እንዲሁ ነው፤ ሲልቨርባክስ የሚባለውን የኡጋንዳ ብሔራዊ ቡድን በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ሻምፒዮና ያበቁት ኡጋንዳዊው ማንዲ ጁሩኒ ናቸው፤ በ2021 በኪጋሊ ለሩብ ፍጻሜ ያደረሱት ግን አሜሪካዊው ጆርጅ ጋላኖፑሎስ ናቸው። ስለዚህ ፓስፖርት ሚዛን አይሆንም።

ሚዛን የሚሆነው ሌላ ነው። ይህ ጸሐፊ ኑሮውን የሚመራው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ቃል በማሻገር ስለሆነ፣ ምን እንደሚሻገርና ምን እንደማይሻገር ጥቂት ያውቃል። ትእዛዝ በቀላሉ ይተረጎማል። «ወደ ግራ ሸሽ፤ ቁጥር ሰባትን አትልቀቅ» የሚለው በማናቸውም ቋንቋ አንድ ነው። የማይተረጎመው ተግሣጽና ማጽናናት ነው። ተግሣጽ በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ ስድብ ይሆናል፤ ማጽናናት ሲያልፍ ባዶ ጨዋነት ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ተጫዋቹ ለአሠልጣኙ የሚመልሰው መልስ ነው፤ ዝም ማለቱ፣ ማቀርቀሩ፣ «እሺ» ብሎ «እምቢ» ማለቱ ተርጓሚ የለውም። በካምፓላ የውጭው አሠልጣኝ ከተጫዋቾቹ ጋር በእንግሊዝኛ በቀጥታ ይነጋገራልና ችግሩ ይቀላል፤ በአዲስ አበባ ግን ይከብዳል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «የየት አገር ሰው ነው?» ሳይሆን «ይህ ሰው የሚመልሱለትን ሊሰማ ይችላልን?» ነው። የአገር ልጅ ሆኖ የማይሰማ አለ፤ የሩቅ ሰው ሆኖ የሚሰማ አለ። ሚቾ ወደ ክሬንስ ከመምጣታቸው በፊት በካምፓላ ቪላን፣ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስን አሠልጥነው ስለነበር፣ የሁለቱንም ከተሞች ኳስ ከደጁ ሆነው ሳይሆን ከውስጡ ሆነው ያወቁ ነበሩ።

ይህ ማለት ግን በአገር ልጅ ላይ የሚደርሰውን አድልዎ መካድ አይደለም። በ2017 ሚቾ ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ምክንያት አድርገው ከክሬንስ ሲለቁ ክፍተቱን በጊዜያዊነት የሸፈኑት ኡጋንዳዊው ሙሴ ባሴና ነበሩ። በነሐሴ 31 ቀን በናምቦሌ ግብጽን 1 ለ 0 ያሸነፈው ቡድን በእርሳቸው እጅ የነበረው ነው። ቋሚው ወንበር ግን በዓመቱ መጨረሻ ለፈረንሳዊው ሴባስቲያን ዴሳብር ተሰጠ። ዴሳብርም ቡድኑን በ2019 ከምድቡ አሳልፈው ምርጫው ከንቱ እንዳልነበረ አሳይተዋል። ቢሆንም አንድ ጥያቄ ይቀራል። የአገር ልጅ ሲፈለግ ዘወትር ቤቱ ሲቃጠል ብቻ የሚጠራ፣ እሳቱ ሲጠፋ የሚመለስ ከሆነ፣ መቼ ነው ቤት መሥራት የሚማረው? ልምድ የለውም ብሎ መከልከል፣ በመከልከልም ልምድ እንዳያገኝ ማድረግ፣ ማለቂያ የሌለው ዙሪያ ጥምጥም ነው።

የመራጩ ዕዳ

ከላይ ከተባለው ሁሉ የሚወጣው ነገር፣ አሠልጣኝ መምረጥ በቅድሚያ የመራጩ ፈተና መሆኑ ነው። መራጩ ቢያንስ አራት ዕዳዎች አሉበት።

የመጀመሪያው ሚዛኑን ከስሙ በፊት ማውጣት ነው። የእጩዎች ስም ከታየ በኋላ የሚወጣ መስፈርት መስፈርት አይደለም፤ አስቀድሞ በልብ ለተመረጠ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ቡድኑ ምን እንደጎደለው፣ በምን ያህል ጊዜ ምን እንደሚጠበቅ በቅድሚያ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ኋላ የሚመጣው ስንብትም ቢሆን ሚዛን ይኖረዋል።

ሁለተኛው ለሚሾመው ሰው እውነቱን መንገር ነው። ሙሽራይቱን ሸፋፍኖ መዳር የድሮ ልማድ ነው ይባል ይሆናል፤ ቡድን ግን እንዲያ አይዳርም። ሜዳ ከሌለ «ሜዳ የለም»፣ ደመወዝ የሚዘገይ ከሆነ «ይዘገያል» መባል አለበት። ያልተነገረውን ጉድለት ተሸክሞ የወደቀ ሰው የወደቀው በራሱ ድካም ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ቃልን መጠበቅ ነው። ውጤት ሲጠፋ ውሉ ይነበባል፤ ደመወዝ ሲዘገይ ግን ውሉ ከመሳቢያ አይወጣም። ውል የሁለት ወገን እስራት እንጂ የአንድ ወገን ገመድ አይደለም።

አራተኛው ለሄደው ሰው ድርሻውን መስጠት ነው። በኅዳር 2019 በባሕር ዳር ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስታሸንፍ አሠልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። በ2020 ውላቸው ሳይታደስ ቀርቶ ውበቱ አባተ ተተኩ። ውበቱ ማጣሪያውን ቀጥለው በዚያው በባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረቱ። በመጋቢት 2021 የመጨረሻው ጨዋታ በአቢጃን 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ ዳኛው ታመው ተቋረጠ፤ በዚያው ሰዓት ኒጀርና ማዳጋስካር ያለ ግብ አቻ በመለያየታቸው ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ያ ማለፍ የማን ነው? የአብርሃም ሦስት ነጥብ ባይኖር አይገኝም ነበር፤ የውበቱ ሥራ ባይታከልበት አይፈጸምም ነበር፤ በማዳጋስካር የተጫወቱት የሌላ አገር ልጆች ግብ ቢያስቆጥሩ ደግሞ ሁለቱም በከንቱ በደከሙ ነበር። ምስጋናው በልኩ ሲከፈል ለሁለቱም፣ ለዕድልም ጭምር ይደርሳል። በእኛ ልማድ ግን ምስጋና ሁሉ በወንበሩ ላይ ለተገኘው፣ ወቀሳ ሁሉ ከወንበሩ ለተነሣው ነው።

የስፖርት ነገር ተራ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ኳስ ለሚወድ ሰው ተራ አይደለም፤ ለማይወደውም ቢሆን ከኳስ የሚያልፍ ነገር አለበት። ትምህርት ቤት ሲዳከም ርእሰ መምህር እንቀይራለን፤ ቤተ ክርስቲያን ስትጣላ አስተዳዳሪ እንቀይራለን፤ በዚህ በስደት አገር ማኅበራችን ሲላላ ሊቀ መንበር እንቀይራለን። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሄዳል፤ ሁልጊዜ እኛ እንቀራለን። በሜዳ ላይ የምንለማመደው ፍርድ ወደ ቤታችን ተከትሎን ይገባል። አሠልጣኙን በውጤት ብቻ የሚፈርድበት ሰው ልጁንም በነጥብ ብቻ ይፈርድበታል፤ ለፌዴሬሽኑ ጥፋት አሠልጣኙን ማባረር ፍትሕ የሚመስለው ሰው፣ ለአለቃው ጥፋት ተላላኪው ሲባረር አይደንቀውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የአንዱ ቡድን አሠልጣኝ ተሰናብቶ «ማን ይሾም?» የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ መልስ ከመስጠታችን በፊት የተሰናበተው ሰው ምን እንዳልተሟላለት አንድ ጊዜ እንጠይቅ። ከዚያም ያንን ማሟላት የማን ሥራ እንደነበረ እንጠይቅ። አዲሱ ሰው የሚመጣው በዚያ ሰው ፊርማ ነውና።